የማሚቱ ፈትል

አዲስ አበባ፣ ሸማ ተራ
ጥቅምት 12 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢየሩስ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። በመጀመሪያ ጤናሽን እጠይቃለሁ፤ ቀጥሎ ምግቡን። የሕንድ በርበሬ ሆድሽን ያቃጥልሽ እንደሆነ ጻፊ። አያቃጥለኝም ካልሽም አላምንሽም። እኔ ጉልበቴን ትንሽ ይዞኛል እንጂ ደህና ነኝ። ወንድምሽ ማሙሸት ደህና ነው። ጎረቤቴ ሙደሲርም ደህና ነው፤ ሱቁ ደጃፍ ላይ የፕላስቲክ አበባ ደርድሮ የእኔን ነጠላ ሸፈነብኝ፣ ተጣላን፣ ታረቅን።

መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ አልልሽም። ሁለት ገጽ ለመጻፍ አራት ቀን እንደሚፈጅብኝ ታውቂያለሽ። ማሙሸት «ይንገሩኝና ልጻፍልዎ» ብሎኝ ነበር። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ስንቱ ፊደል ጀምሮ ሲያቋርጥ እኔ ጨርሼ የምስክር ወረቀት የተቀበልኩ ሰው ነኝ። የእኔን ደብዳቤ የሌላ ሰው እጅ አይጽፈውም። በስልክ እንነጋገር ላልሽውም፣ ያለው ስልክ የሙደሲር ነው። ጆሮዬ ከበድ ስላለ እጮኻለሁ፤ እኔ ስጮኽ ደግሞ ሸማ ተራ ሥራውን ትቶ ይሰማል።

ጥለት ስህተት እንዳለበት በምን ያውቃሉ ብለሽኛል። ይህን ለማወቅ ሕንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ እዚሁ ሱቅ ተቀምጠሽ ብታዪ ይበቃሽ ነበር። ጥለት ማለት አንድ አበባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲደጋገም ነው። ሌላው ሰው አበባውን አንድ በአንድ እያየ ይሄዳል፤ ዓይኑ ይደክምና ይታለላል። እኔ አጥፌ ነው የማየው። ጥለቱን በራሱ ላይ አስተኛውና በአንድ አበባ ልክ ገፋ አደርገዋለሁ። ከገጠመ ደህና ነው። ያልገጠመበት ቦታ ሸማኔው ያንቀላፋበት ነው። አንዳንዴ ሸማኔው አንድ ማግ ይዘላል። ያን ጊዜ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የተበላሸ ይመስላል። አልተበላሸም፤ በአንድ ማግ ገፋ ካደረግሽው እንደገና ይገጥማል። ይህን የማያውቅ ነጋዴ ደህናውን ልብስ ይመልሳል።

ሙደሲር ልጅዎ ምን ትማራለች አለኝ፤ ሒሳብ አልኩት። «የምን ሒሳብ?» አለ። ደብዳቤሽን ከኪሴ አውጥቼ አየሁና «የፕሮቲን» አልኩት።

«ፕሮቲን ሥጋና እንቁላል አይደል እንዴ ጋሼ? ሉካንዳ ልትከፍት ነው?»

ገበያተኛው ሁሉ ሳቀ። ሁለተኛ እንዳላፍር በሚገባኝ መንገድ ጻፊልኝ።

ስለ እናትሽ ለጠየቅሽው፣ መልሱን ከልጅነትሽ ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ማሚቱ በ81 ክረምት ከቤታችን ደረጃ ወድቃ ነው የታመመችው። ነርቯ ተነካ። ከዚያ በፊት ደህና ነበረች። ሌላ የሚጻፍ የለም።

አባትሽ ወልደ ሚካኤል


ፑኔ፣ ሕንድ
ኅዳር 20 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለውድ አባባ፣

ጉልበትዎ እንዴት ነው? በርበሬው ያቃጥላል። አይ ብል እንደማያምኑኝ ስለጻፉ ነው እውነቱን የምነግርዎ።

ለአቶ ሙደሲር እንዲህ ይበሉልኝ። ፕሮቲን ሥጋና እንቁላል ውስጥ አለ፤ በእኛም ሰውነት ውስጥ አለ፤ ሰውነታችን የሚሠራውን ሥራ አብዛኛውን የሚሠራው እሱ ነው። አንዱ ፕሮቲን እንደ ረጅም የጨሌ ክር ነው። ጨሌዎቹ ሃያ ዓይነት ናቸው፤ የተሰኩበት ቅደም ተከተል በፊደል ተጽፎ ይቀመጣል። አንዳንዱ ክር ላይ አንድ ቁራጭ እንደ ጥለት ይደጋገማል። ግን ዘመን ብዙ ነገር ቀይሮበታል፤ አንዱ ጨሌ ተለውጧል፣ ሌላው ተዘልሏል፤ በዓይን አይታይም። የእኔ ሥራ ያን በሒሳብ መፈለግ ነው።

አጥፌ ነው የማየው ያሉትን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው። ክሩን በወረቀት አናት ላይ አግድም እንጽፈዋለን፤ ያንኑ ክር በጎን ደግሞ ወደ ታች እንጽፈዋለን። አንድ ዓይነት ጨሌ በተገናኘበት ሁሉ ነጥብ እናደርጋለን። ወረቀቱ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል። ተደጋጋሚ ነገር ካለ ግን ነጥቦቹ ተሰልፈው ሰያፍ መስመር ይሠራሉ። ማግ ሲዘለል መስመሩ ይቆረጥና ገፋ ብሎ ይቀጥላል። የእርስዎን ደብዳቤ ለአስተማሪዬ ተርጉሜ አነበብኩላቸው። «አባትሽ ምን ተምረዋል?» አሉኝ። «ነጠላ ይሸጣሉ» አልኳቸው።

ከባዱ ነገር መስመሩን ማየት አይደለም። የትኛው መስመር በአጋጣሚ የመጣ፣ የትኛው ምክንያት ያለው እንደሆነ መለየት ነው። አንድ ጊዜ የታየ ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። በእኩል ርቀት እየተመላለሰ ከመጣ ግን ምክንያት አለው።

አባባ፣ አሁን የምጽፈውን ቀስ ብለው ያንብቡልኝ።

ፕሮግራሜ ተደጋጋሚ ነገር ያለባቸውን ፕሮቲኖች ዝርዝር አወጣልኝ። ከእነሱ በአንዱ ላይ አንድ ዓይነት ጨሌ ብቻውን ይደጋገማል። ይህ በሰው ሁሉ ላይ አለ። እስከ ሠላሳ አምስት ጊዜ ቢደጋገም ሰውየው ደህና ነው። አርባና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን በጎልማሳነቱ ሰውነቱ ሳያዝዘው መንቀሳቀስ ይጀምራል። መጀመሪያ ጣት፣ ከዚያ ትከሻ፣ ከዚያ አረማመድ። ጠባይም ይለወጣል። ሀንቲንግተን ይሉታል። መድኃኒት አላገኙለትም። ከወላጅ ወደ ልጅ ይሄዳል፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የመውረስና ያለመውረስ ዕድሉ እኩል ነው።

ይህን ሳነብ የእማዬ ትከሻ ታወሰኝ። ውሃ ስትቀዳ ጣሳው ከእጇ ሲወድቅ ታወሰኝ። የታወሰኝ ግን ከመውደቋ በፊት ይሁን በኋላ መለየት አልቻልኩም፤ ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ እርስዎን እጠይቃለሁ። የጀመራት በስንት ዓመቷ ነው? አያቴስ፣ የእማዬ አባት፣ በምን ሞቱ?

ጽሕፈቴ ከተበላሸ ይቅርታ፤ ብዕሩ ነው።

ልጅዎ ኢየሩስ


አዲስ አበባ፣ ሸማ ተራ
ታኅሣሥ 25 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለኢየሩስ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው ነው።

ወንድምሽ ሊያገባ ነው። ልጅቷ የአቶ ኃይለ ማርያም ልጅ ናት፤ የጅምላ ጨርቅ ነጋዴው። በጥር ሽማግሌ እንልካለን። አንቺ ደግሞ በዚህ ሰዓት የዘር በሽታ በወረቀት ጽፈሽ በፖስታ ትልኪያለሽ። ማሙሸት ቢያነበው ኖሮስ? ፖስታውን የተቀበለው እሱ ነው፤ ባይከፍተው የእሱ ጨዋነት ነው።

የእኔ ቤት ዘር ንጹህ ነው። እናትሽ ወድቃ ነው። የፈረንጅ በሽታ ስም ከመጽሐፍ አውጥተሽ በሞተች ሰው ላይ አትለጥፊ።

ደግሞ ጽሕፈትሽ። ዶሮ የጫረው ይመስላል። አስተማሪዎቿ ሁሉ በጽሕፈቷ የሚያመሰግኗት ልጅ ፊደሏ እንዲህ ይወላገዳል? ብዕር ሕንድ አገር ጠፋ? እኔ ግዴለሽነት አልወድም። ለእናትሽም ያልኳት ይህንኑ ነበር።

በሚቀጥለው ተረጋግተሽ ጻፊ፤ ስለ ሌላ ነገር።

አባትሽ


ፑኔ፣ ሕንድ
የካቲት 8 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለውድ አባባ፣

ስላስቆጣሁዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለማሙሸት ደስ ብሎኛል፤ ልጅቷን አውቃታለሁ፣ ቀጥ ያለች ልጅ ናት።

ከዛሬ ጀምሮ በኮምፒዩተር ነው የምጽፍልዎ። እዚህ ያሉ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የአማርኛ ፊደል ጫኑልኝ። ፊደሉ ጎላ ስለሚል ለዓይንዎ ይቀላል ብዬ ነው። የእኔንም የዶሮ ጽሕፈት ያስቀርልዎታል።

ስለ ሌላ ነገር ጻፊ ብለውኛል፤ አልቻልኩም። ማሙሸት ልጆች ይወልዳል። ሳያውቅ መውለድና አውቆ መውለድ ልዩነት አለው። አውቆ ላለመመርመር ቢመርጥ እንኳ የመረጠው እሱ ይሆናል። እኔና እርስዎ ልንመርጥለት አይገባም።

«ለእናትሽም ያልኳት ይህንኑ ነበር» ብለው ጽፈዋል። አባባ፣ ግዴለሽ ያሏት ስለ ምን ነበር? መቼ?

ሌላ ነገር አልጠይቅም። ዓመቱን ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ኢየሩስ


አዲስ አበባ፣ ሸማ ተራ
መጋቢት 28 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢየሩስ፣

እንደምን ሰነበትሽ። ጾሙን እንዴት ያዝሽው? እኔ ጉልበቴ ብሶብኛል፤ ሱቅ እየዋልኩ ነው ግን። ዓይኔ ደህና ነው። ለዓይኔ ተብሎ ፊደል ማጉላት አያስፈልግም ነበር።

ዓመቱን ብቻ ይጻፉልኝ ብለሻል። ዓመቱን ብቻ መጻፍ አልተቻለኝም። ይህን ደብዳቤ አሥራ ሦስት ቀን ነው የጻፍኩት።

ሽማግሌዎቹ በጥር መጨረሻ ሄዱ። እኔ የምሄድበት ወግ አልነበረም፤ አቶ ኃይለ ማርያም ግን «አባትየው ራሱ ይምጣና እንተያይ» ብሎ አስጠራኝ። ሁሉን ጠየቀ። አገራችንን ጠየቀ፣ አያቶቻችንን ጠየቀ፣ ከዚያ «በዘር የሚሄድ ሕመም አለባችሁ ወይ?» አለ። ይህ የሚጠየቅ ነው፤ ነውር የለውም። ተነሣሁና «የእኔ ቤት ንጹህ ነው» አልኩ። ተቀምጬ መመለስ ስችል ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም። የኅዳሩ ደብዳቤሽ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። ልጅቷን ሰጡን። ሰርጉ ለዳግም ትንሣኤ ተቆረጠ።

ባለፈው ሰሞን ለፋሲካ የምለብሰውን ልመርጥ ሳጥኑን ከፈትኩ። እናትሽ ከተጋባን ጊዜ ጀምሮ ለየፋሲካው የምለብሰውን ኩታ ማጉን በራሷ እጅ ትፈትልልኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ የቀሩኝ አሥራ አንድ ናቸው። ዓመታቸውን በጥለታቸው አውቀዋለሁ። የ67ቱ ጥለት የለውም፤ በዚያ ዓመት ማንም ጥለት አላማረውም። የ70ው ቀይ፣ ጠበብ ያለ ነው። የ75ቱ አረንጓዴ ሆኖ በመሐሉ ቢጫ አለበት።

የ75ቱን ይዤ ወደ ሱቁ በር ሄድኩና ወደ ብርሃን ዘረጋሁት። ሰያፍ መስመር አለበት።

ከአንዱ ዳር ይጀምርና ጋደል ብሎ እስከ ሌላው ዳር ይሄዳል፤ እዚያ ሲደርስ እንደገና ይጀምራል። ጠጋ ብዬ አየሁት፤ ጉጥ ነው። በእያንዳንዱ ማግ ላይ አንድ ጉጥ አለ፤ የቀጣዩ ማግ ጉጥ ካለፈው ትንሽ ፈቀቅ ብሏል። ክሩን እየተከተልኩ በክንዴ ለካሁት። ጉጡ በየሁለት ክንዱ ይመለሳል። ፈታይ ክሩን እጇ እስኪዘረጋ ድረስ ትስባለች፣ ትጠቀልላለች፣ እንደገና ትስባለች። ማሚቱ በሳበች ቁጥር እጇ ተዘርግቶ ሲወጠር አንድ ነገር ነዘራት ማለት ነው። በሳበች ቁጥር።

አንድ ጊዜ አጋጣሚ ነው ብለሻል። አንድ ጉጥ ብቻ ባይ እኔም ልጅ አልቅሶባት ነው ብዬ እተወው ነበር። ይህ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። የ74ቱን አወጣሁ፤ ምንም የለበትም፣ እንደ ቅቤ ነው። የ76ቱን አወጣሁ፤ መስመሩ ወፍሯል። የ77ቱን ወደ ብርሃን መውሰድ አላስፈለገኝም፤ ጣቴ አወቀው።

የወደቀችው በ81 ነው።

አሁን የሚከብደውን ልጻፍ። ሰያፉን ያየሁት ዘንድሮ ብቻ አይደለም። ያን ጊዜም አይቼዋለሁ። ሸማኔው ኪዳነ ማርያም ሠርቶ ሲያመጣው በሰው ፊት ሰደብኩት። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የሽመናው አይደለም፤ የማጉ ነው» አለኝ። ማጉ የማን እንደሆነ ስለማውቅ የባሰ ተቆጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራ አልሰጠሁትም።

በ78 ፈታዮች ሱቅ ተሰብስበው ሳለ እናትሽ ልቃቂቷን ይዛ መጣች። ልቃቂቱን ተቀብዬ ፈታሁት። ጉጡን አንድ በአንድ በጣቴ እያነሣሁ አሳየኋቸው። «ይህ የእኔ የወልደ ሚካኤል ሚስት ፈትል ነው። እንዲህ ያለውን ከእሷ ካልተቀበልኩ ከእናንተም አልቀበልም» አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። እናትሽም አብራ ሳቀች። «ልብሽ እዚህ የለም፤ ግዴለሽ ሆነሻል» ብዬ እንዝርቷን ከእጇ ወሰድኩት። የጠየቅሽኝ ይህ ነው። መቼ ላልሽው በ78 ነው። ስለ ምን ላልሽው ስለ ፈትል ነው።

እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እጇን ደብቃ ነው የኖረችው። እንግዳ ሲመጣ ትደብቃለች፣ እኔ ስገባ ትደብቃለች። በ81 ደረጃው ላይ አንሸራተታትና መደገፊያውን መያዝ አልቻለችም፤ እጇ ነጠላዋ ውስጥ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። መውደቋ ነው ያሳመማት ስል የኖርኩት፣ በፊት ታማ ነበር ካልኩ ያን ቀን ሱቅ ውስጥ የሰደብኳት ሚስቴ በሽተኛ እንደነበረች ስለማውቅ ነው። ጠበል ወስጄ አራት ዓመት ዘመዶቿ ዘንድ ያስቀመጥኳትም፣ እናንተን እንድታዩዋት ያላመጣኋችሁም ለእናንተ ስል አልነበረም። እሷን ባየሁ ቁጥር ያን ቀን ስለማይ ነው።

አባቷንም ጠይቀሽኛል። ሰርጋችን ላይ ሲመርቁን ጽዋውን ሰው ያዘላቸው፤ እጃቸው አልጨበጠም። «ሽማግሌው ጠጥተዋል» አልኩ። ሲጠጡ አላየኋቸውም።

ዓመቱ 75 ነው። እናትሽ ያን ጊዜ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ያንቺን ዕድሜ ቆጠርኩ፤ ወደዚያው እየተጠጋሽ ነው። አንቺስ?

አባትሽ ወልደ ሚካኤል


ፑኔ፣ ሕንድ
ሚያዝያ 9 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለውድ አባባ፣

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አልተቆጣሁም ብል እዋሻለሁ። ተቆጥቼ ነበር፤ ግን አሥራ ሦስት ቀን ያሉትን ሳስብ ቁጣዬ የሚያርፍበት አጣ።

እዚህ ያሉ ምሁራን ሁሉ ከሃያ ዓመት በፊት የአንዲት ሴት እጅ በየትኛው ዓመት መንቀጥቀጥ እንደጀመረ ሊነግሩኝ አይችሉም ነበር። እርስዎ ነገሩኝ።

አሁን አንድ ነገር ቀርቷል። ለማሙሸት ይንገሩት፤ ከሰርጉ በፊት። የ75ቱን ኩታ ያሳዩት። ወደ ብርሃን አድርገው ያሳዩት። ከእኔ በስልክ ከሚሰማው ከእርስዎ ቢሰማው ይሻላል። ለአቶ ኃይለ ማርያም የሚነገረውን ደግሞ እሱ ይወስን አልልም፤ የተነሡት እርስዎ ነዎት።

ስለ እኔ የጠየቁኝን አይቻለሁ። ሥራ በዝቶብኛል እንጂ ደህና ነኝ። መልካም ፋሲካ ይሁንልዎ።

ልጅዎ ኢየሩስ


አዲስ አበባ፣ ሸማ ተራ
ሰኔ 30 ቀን 1997 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢየሩስ፣

ክረምቱ ገብቷል። በሰኔ መጀመሪያ ከተማው ተረብሾ ሱቁ ሳምንት ያህል ተዘግቶ ነበር፤ ወሬውን እዚያም ሳትሰሚው አልቀረሽም። እኛ ደህና ነን። ማንም አልተነካብንም። ለዘገየሁበት በዚህ ጊዜ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።

ለማሙሸት በሆሳዕና ማግስት ነገርኩት። ኩታውን ሱቅ በር ላይ ይዤለት ቆምኩ። ብዙ ጊዜ አየው። «ስለዚህ እናቴን ያሳመማት ደረጃው አይደለም» አለ፤ ቀጥሎ «እርስዎ ግን ጥለዋታል» አለኝ። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ክፍል ተከራይቶ ወጣ። ኩታውን ግን ይዞት ሄደ።

አቶ ኃይለ ማርያምን ራጉኤል ግቢ ውስጥ ከቅዳሴ በኋላ ጠበቅሁት። «ዋሽቼሃለሁ» አልኩት፤ ሁሉንም ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር።

«ያን ቀን አውቄብሃለሁ» አለኝ። «ንጹህ ነው ስትል ተነሣህ። ንጹህ የሆነ ሰው ተቀምጦ ነው የሚመልሰው። እኔም ዝም አልኩ፤ ልጄ ወዳዋለች። ሁለታችንም ዋሽተናል።»

ሰርጉ በቀኑ አልሆነም። ቀርቷል ያለ ግን የለም። ድንኳን ተመለሰ፣ ዘመድ ተነገረ፣ ሰው የፈለገውን አወራ። ሙደሲር ብቻ አንድም ቃል አልጠየቀኝም። የፕላስቲክ አበባውን አንሥቶ ወደ ውስጥ አስገባውና ወንበሩን ከወንበሬ አጠገብ አደረገ።

ልጅቷ ባለፈው ሳምንት ብቻዋን ሱቅ መጣች። «አባባ፣ ማሙሸት ኩታውን አሳየኝ» አለች። ወንበር ሳብኩላት፤ ቆማ ቀጠለች።

«ይመርመር አይመርመር የእሱ ጉዳይ ነው፤ ገና አልወሰነም። እኔም ምን እንደማደርግ ገና አላወቅሁም። ግን ሳላውቅ ገብቼ ቢሆን ኖሮ አንድ ቀን ስኒ ከእጁ ሲወድቅ ግዴለሽ ነህ እለው ነበር።»

ይህን ስትል ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። የ78ቱን ቀን ለእሷ አልነገርኳትም ነበር፤ ማሙሸት ነግሯት ይሁን፣ ከራሷ አውጥታው ይሁን አላውቅም።

ኪዳነ ማርያምንም ልፈልገው ሄጄ ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አርፏል አሉኝ። ሚስቱ ማን ልበል አለችኝ። ስሜን ነገርኳት። አላስታወሰችውም። ለእሷ እንኳ አልነገራትም ማለት ነው።

አሁን ስላንቺ።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አወጣሁ። ከሄድሽ ጀምሮ አሥራ ሰባት ናቸው። ባንኮኒው ላይ በየቀናቸው ደረደርኳቸው። የፊተኞቹ የማውቀው ጽሕፈትሽ ነው፤ እንደተተከለ ቀጥ ያለ። ከአምናው ሰኔ ጀምሮ ግን በየመስመሩ መጨረሻ አካባቢ ብዕሩ ዘለል ይላል። እጅሽ ወደ ቀኝ ተዘርግቶ ሲወጠር ነው። አንድ መስመር ላይ ብቻ ቢሆን ብዕሩ ነው ያልሽውን አምንሽ ነበር። ደብዳቤዎቹን አንዱን ባንዱ ላይ አስተኝቼ ወደ በሩ ብርሃን ያዝኳቸው። የዘለለበት ቦታ ይገጥማል። በእያንዳንዱ ገጽ ይገጥማል። የኅዳሩ የባሰ ነው። እኔ ዶሮ የጫረው ነው አልኩት። ግዴለሽነት አልወድም አልኩሽ። ከዚያ ወዲያ የመጡት ሁሉ በኮምፒዩተር ናቸው።

አንቺም እጅሽን ነጠላ ውስጥ ከተትሽው። ያስከተትኩሽ እኔ ነኝ።

ሀኪም ቤት ሄደሽ እንደሆነ አልጠይቅሽም። ቁጥሩን ካወቅሽውም አልጠይቅሽም፤ ልትነግሪኝ ስትፈልጊ ትነግሪኛለሽ፤ ካልፈለግሽም ይቅር። የእናትሽ እንዝርት እኔ ጋ ነው። ያን ቀን ከወሰድኩት ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ልጥለው እያልኩ ሃያ ዓመት ሆነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ለምኜሽ አላውቅም። በእጅሽ ጻፊልኝ። መስመሩ ይሰበር፣ ፊደሉ ይጋደም፣ ገጹ ይሞላ አይሞላ ግድ የለኝም። አንድ ገጽ ለመጻፍ ሁለት ቀን የሚፈጅበት ሰው ነኝ፤ ሳነብም አልቸኩልም። የዘለለበት ስደርስ በአንድ ማግ ገፋ አድርጌ አገጥመዋለሁ።

አባትሽ ወልደ ሚካኤል